የተጫነ ይቅደም

ያን ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር። ቆጮውን ትኩስ እንዳለ እየቆረስኩ፣ በእሳት ለብለብ ባደረግኩት የኮባ ቅጠል እየጠቀለልኩ፣ በቃጫ ሸብ እያደረግኩ ዘንቢል ውስጥ እደረድራለሁ። የሰፈራችን እድር በዓመት አንድ ቀን ለለቅሶ ሳይሆን ለደስታ ይሰበሰባል፤ አውቶቡስ ተከራይቶ ሽርሽር ይወጣል። የዚያ ቀን ስንቅ ደግሞ በእኔ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳ።

"ክፍት ነው፣ ይግቡ!" አልኩ።

ማንም አልገባም።

"ክፍት ነው እኮ!"

መጀመሪያ የጎረቤት ዶሮ ገባች። ቀጥለው ጫጩቶቿ ገቡ። ከዚያ በኋላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ረጅም ሰው ጎንበስ ብለው ብቅ አሉ።

"ይቅርታ እትዬ የሺሃረግ፣ እነሱ ቀድመውኝ መጥተው ነበር።"

ዶሮን ከነልጆቿ አስቀድሞ የሚገባ ሰው በዲላ ከተማ አንድ ብቻ ነው። ክቡር አቶ ፈለቀ ናቸው።

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ "ይቅደሙ" አለው። የሌለው ሰፈር ካለ ገና ሰፈር አልሆነም፤ ቤት የተሠራበት ሜዳ ነው። "ይቅደሙ" የምለው በር ላይ ይሁን ወረፋ ላይ፣ ባጃጅ ላይ ይሁን ማዕድ ላይ፣ ሌላው ሰው ሳያልፍ የማያልፈውን ሰው ነው። ሹመቱን የሰጠው የለም፤ የሚሽረውም የለም። የእናንተ ሰፈር "ይቅደሙ" ምናልባት ሴት ትሆናለች፤ ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይሆናል። የእኛው፣ የደጃፎች ሁሉ አለቃ፣ የወረፋ ጭራ ባላባት፣ ጡረተኛው የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ አቶ ፈለቀ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሞያሌ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲሸኙ ኖሩ። እሳቸው ራሳቸው የት ደረሱ ብትሉኝ፣ መናኸሪያው በር ድረስ።

ንግግራቸው አጭር ነው። "ይቅደሙ፣ ከኋላ ነኝ" ይላሉ። ለሽማግሌም ለሕፃንም አንድ ነው። ለአህያ ሲሉም ሰምቻለሁ፤ አህያዋም ቀደመች።

አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ ሰማዩ ጠቆረ። እሳቸው መንገዱ ዳር ቆመው አንዷን ባጃጅ አስቆሙና እኔንና ጎረቤቶቼን አሳፈሩ። ሁለተኛዋ መጣች፤ የማያውቋቸውን ሰዎች አሳፈሩ። ሦስተኛዋ ባዶዋን መጣች፤ ከማዶ የሚሮጥ ተማሪ አዩና ጠርተው አስገቡት። ቤታቸው ሲደርሱ ከባርኔጣቸው የሚወርደው ውኃ እንደ ጣሪያ አሸንዳ ነበር። ሚስታቸው ስመኝ ፎጣ ይዛ በር ላይ ጠብቃቸው፣ "ግባ እንጂ!" ብትላቸው፣ "ቅደሚ፣ በርዶሻል" አሏት።

ሌላ ቀን ትኩሳት ያዛቸውና ጤና ጣቢያ ሄዱ። ወረፋቸውን ለነፍሰ ጡር ሰጡ፤ ደግ ነው። ሕፃን ላዘለች ሰጡ፤ ይገባል። ቀጥለው ለአስታማሚው ሰጡ፤ ሰውዬው ምንም አላመመውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነርሷ ቦርሳዋን አንግታ ወጣችና፣ "አባባ፣ እርስዎን ምን ነበር ያመመዎት?" አለቻቸው። "አሁንማ ትኩሳቱ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ፣ ይቅደሙ" ብለው በሩን ከፈቱላት።

አንድ እሑድ ደግሞ ከጎንደር የመጣ አዲስ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ገጠማቸው። እሱም የጨዋ ልጅ ነው። "ይቅደሙ" አሉት። "ኧረ በጌታ፣ አባቴ፣ እርስዎ" አላቸው። ሁለቱ በሩን ግራና ቀኝ ይዘው እጅ ሲነሣሡ፣ ውስጥ ያለነው መውጫ አጥተን ሌላ መዝሙር ጀመርን። መዝሙሩ አለቀ። ሌላ ጀመርን። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ከውጭ ሆነው አብረውን ዘመሩ። "ይቅደሙ" ከ"ይቅደሙ" ጋር ሲገጥም ምን እንደሚከተል ያን ቀን አወቅሁ፤ ምንም አይከተልም።

ስመኝ በእሳቸው ላይ መቀለድ አይደክማትም ነበር። "የሠርጋችን ቀን ሚዜውን ሁሉ አስቀድሞ ሲያስገባ፣ ዘመዶቼ ከማን ጋር እንደተጋባሁ ግራ ገባቸው" ትለን ነበር። ያለ ስመኝ አቶ ፈለቀ ዛሬም ድረስ አንዱ በር ላይ ቆመው በቀሩ ነበር። እጃቸውን ይዛ የምታስገባቸው እሷ ነበረች። ካቻምና ክረምት አረፈች።

አሁን ስለ ዓለቱና ስለ ድልድዩ ልንገራችሁ፤ የሆነው ሁሉ የሆነው እዚያ ነውና።

የእድራችን ሽርሽር ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ነው። ከይርጋ ጨፌ አልፎ፣ ቡናው ከእንሰቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ ወደ ወንዝ በሚወርድበት፣ "ቀይ ገደል" የምንለው ዓለት አለ። የተማሩት "የአሸዋ ድንጋይ ነው" ይላሉ፤ እውነትም መዳፍን ቢያሹበት አሸዋ ይቀራል። ዝናብና ንፋስ እንደ ልባቸው ጠርበውት ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ጠዋት የበሰለ የቡና ፍሬ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀ ቡና። በሁለቱ ገደሎች መሐል፣ ከወንዙ በላይ፣ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። ማን እንደሠራው ሰው ሁሉ ይከራከራል። የማይከራከሩበት ነገር ስፋቱ ነው፤ የተጫነች በቅሎ ልክ ነው።

ቡና በበቅሎ በሚወርድበት ዘመን ይህ ድልድይ ሕግ ነበረው። አማቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የነጋዴ በቅሎ ጫኝ ነበር፤ እሱ ነው የነገረኝ። የተጫነች በቅሎ በዚያ ጠባብ ላይ መዞር አትችልም፤ ወደ ኋላም አትሄድም። ስለዚህ ከሁለት ወገን ሰው ቢገናኝ ዕድሜ አይጠየቅም፣ ማዕረግ አይጠየቅም። "የተጫነ ይቅደም!" ይባላል። ባዶ እጁን የመጣ፣ ባላባትም ይሁን፣ ዳር ይዞ ይቆማል።

ዓለቱ ከወዲህ ሲያዩት የድንጋይ ክምር ነው። ከድልድዩ ማዶ ዞር ብለው ሲያዩት ግን መልክ አለው። ምን እንደሚመስል በቦታው እነግራችኋለሁ። ስመኝ መጀመሪያ የተሻገረች ቀን አየችውና፣ እኛን ሴቶቹን ሰብስባ አስማለችን፤ "ለፈለቀ ማንም እንዳይነግረው! መጥቶ ራሱ ይየው።" እኛም ጠበቅን። አቶ ፈለቀ ግን አልተሻገሩም። በየዓመቱ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው "ይቅደሙ፣ ከኋላ ነኝ" እያሉ እድርተኛውን ሁሉ ያሳልፋሉ። የመጨረሻው ሲገባ የመጀመሪያው ይመለሳል። የሚመለሰውን ተቀብለው ያሳልፋሉ። ከዚያ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ይነፋል። ስመኝ ከማዶ በእጇ ስትጠራቸው አስታውሳለሁ፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን ያወዛውዙላታል። ካቻምና ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ "በሚቀጥለው አብረን እንሻገራለን፤ ቃል ግባልኝ" አለቻቸው። ገቡላት። በሚቀጥለው እሷ አልነበረችም።

ዘንድሮ ደግሞ ወሬ መጣ። ድልድዩ ተሰነጣጥቋልና ከመጪው ወር ጀምሮ ለእግረኛ ይዘጋል፤ ዓለቱን ከወዲህ ሆኖ ማየት ብቻ ነው የሚፈቀደው ተባለ። እንግዲህ አቶ ፈለቀ ያን ማለዳ ዶሮዋን አስቀድመው ማድ ቤቴ የገቡት ይህን ይዘው ነው።

"እትዬ የሺሃረግ፣ ዛሬ እሻገራለሁ" አሉኝ። "ለስመኝ ቃል አለብኝ። ዛሬ ካልሆነ ደግሞ አይሆንም።"

"እናያለና" አልኩ፣ ቃጫውን በጥርሴ ይዤ።

"ዘንቢሉን ልሸከምልዎ?"

"የለም፣ የለም። እጅዎ ከተያዘ በር የሚከፍቱበት ያጣሉ።"

ፈገግ አሉ። እውነት ነው፤ አንዱ እጃቸው ለበር ነው፣ ሌላው ለባርኔጣ።

መናኸሪያው አጠገብ አውቶቡሱ ቆሟል። ሾፌሩ ሲራክ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ትዕግሥቱ አጭር ነው። ሁላችንም ተሳፈርን። አቶ ፈለቀ ታች ቆመዋል።

"ፋዘር፣ ግባ እንጂ፣ እንሂድ!" አለ ሲራክ ከታች ሆኖ።

"ይቅደሙ።"

"እኔ ሾፌር ነኝ ፋዘር! እኔ ከቀደምኩ መኪናው ይሄዳል!"

"ምንም አይደል፣ ከኋላ ነኝ።"

ሲራክ እኛን አየ፤ እኛ መስኮት መስኮቱን አየን። መጨረሻ ላይ በሾፌሩ በር ገባና ሞተሩን አስነሣ፤ ያኔ ብቻ አቶ ፈለቀ ዘለው ገቡ። ወናጎን አለፍን፣ ይርጋ ጨፌን አለፍን። ኢዲዶ የሚባለው መንደር ላይ ቡናው በየአልጋው ተሰጥቶ ሴቶቹ እየለቀሙ ያዜማሉ። አቶ ፈለቀ የኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለዋል። እንዲህ ዝም ብለው አይቻቸው የማውቀው በስመኝ ቀብር ቀን ብቻ ነው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ጠባቂው፣ "ጥቂት ጥቂት እየሆናችሁ፤ አንዱ ወገን ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ" አለ። ይህን ለማን እንደተናገረ አላወቀም። አቶ ፈለቀ ወዲያው ድልድዩ አፍ ላይ ቦታቸውን ያዙ።

"ይቅደሙ። ይቅደሙ። ቀስ ብለው። ይቅደሙ፣ ከኋላ ነኝ።"

እድርተኛው አለቀ። ከኋላችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጡ፣ ስልካቸውን ከፊታቸው ዘርግተው።

"አባባ፣ እርስዎ ይለፉ እንጂ፣ ቀድመው ነው የመጡት" አለች አንዷ።

"ትምህርት አይጠብቅም ልጄ፣ ይቅደሙ።"

"ኧረ ቅዳሜ ነው!"

"ቅዳሜም አይጠብቅም።"

አለፉ። እኔ ዘንቢሌን ጉልበቴ ሥር አድርጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። እሳቸውን ሳላሻግር እንደማልሻገር ለራሴ ቆርጫለሁ። ከማዶ እድርተኛው ራበውና "የሺሃረግ! ስንቁ!" እያለ ይጮሃል። ይጩህ።

በመጨረሻ ወዲህ ማዶ የቀረን ሁለታችን ብቻ ሆንን። አቶ ፈለቀ ዞር ብለው አዩ፤ የሚያስቀድሙት ሰው ጠፋ። እኔን አዩኝ።

"ይቅደሙ፣ እትዬ የሺሃረግ።"

"እኔ እግሬን እያሳረፍኩ ነው። ይሂዱ።"

ኮታቸውን አስተካከሉ። አንድ እግራቸውን ድልድዩ ላይ አደረጉ። ዘንቢሌን ጨበጥኩ።

ያኔ በወዲያኛው አፍ፣ የሚመለሱ ሰዎች ደረሱ። ከኢዲዶ የመጡ ናቸው፣ ቤተሰብ ከነልጅ ልጁ። ከፊታቸው ዘንግ የያዙ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አሉ። አቶ ፈለቀን አዩ። ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ኧረ ይምጡ!" አሉ ከማዶ። "ይቅደሙ!"

ጌታ ሆይ፣ አልኩ በልቤ። ሌላ "ይቅደሙ" ተገኘ።

አቶ ፈለቀ እግራቸውን መለሱ። "የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ! ሕፃናት ይዘዋል!"

"ልጅ ይጠብቃል! እርስዎ እንግዳ ነዎት!"

"እንግዳ መጥቶ ባለ አገር አያስቆምም!"

"ሽማግሌ ይቅደም!"

"ሽማግሌውማ እርስዎ ነዎት!"

"ኧረ እኔ ገና ልጅ ነኝ! ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"እርስዎ አስቀድመው ይንገሩኝ!"

ሁለቱም ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ መሐላቸው ገደል፣ ገደሉ ውስጥ ወንዝ። የኢዲዶ ልጆች መሬት ላይ ተቀመጡ። የእኛ እድርተኛ "ስንቁ!" ይላል። ጠባቂው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያያል። ደመናው ከይርጋ ጨፌ በኩል እየወረደ ነው፤ ዝናብ ከጀመረ ድንጋዩ ያዳልጣልና ማንም እንዲሻገር አይፈቀድም። ከላይ ሲራክ ጥሩንባውን ነፋ። ያ ጥሩንባ በየዓመቱ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አቶ ፈለቀ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። "በቃ፣ ይለፉ እሳቸው" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔ ለከርሞ..."

አልጨረሱትም። ከርሞ የለም። ድልድዩን አዩት፤ መናኸሪያ ቆመው የሸኙትን አውቶቡስ እንደሚያዩት አዩት።

"ስመኝ መቼም ታውቀኛለች" አሉ።

እኔ አሮጊት ነኝ፤ ብዙ ነገር ዝም ብዬ አያለሁ። ይህን ግን ዝም ብዬ አላይም። ተነሣሁ።

"አቶ ፈለቀ፣ ክንዴ ዛለብኝ። እስቲ ይቺን ይያዙልኝ።"

ሴት "ያዙልኝ" ስትል የሚቆም ሰው አይደሉም። ዘንቢሉ ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አይሆንም። ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ ሁለቱም እጆቻቸው ጆሮውን ጨበጡ። ባርኔጣ የሚያወልቁበት እጅ አልቀረም። በር የሚይዙበትም።

ወደ ማዶ ጮህኩ። "ጌታዬ! ስምዎ ማን ይባላል?"

"ገመቹ!"

"አቶ ገመቹ! የተጫነ መጣ!"

ሰውየው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ዘንቢሉን አዩ። ኮታቸውን የለበሱትን፣ እንደ በቅሎ የተጫኑትን የስምሪት ጡረተኛ አዩ። እነሆ ፊታቸው በራ። ባርኔጣቸውን አጥልቀው ዞሩና ዘንጋቸውን በቤተሰባቸው ላይ አነሡ።

"ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በሉ! መንገድ ልቀቁ! የተጫነ ይቅደም!"

አባታቸው ጫኝ ኖረዋል ማለት ነው። ወይም አያታቸው። ልጅ አዋቂው ዳር ዳሩን ያዘ። እድርተኛውም ነገሩ ገባውና "የተጫነ ይቅደም!" እያለ ያጨበጭብ ጀመር።

"እትዬ የሺሃረግ" አሉ አቶ ፈለቀ፣ አንገታቸውን ከዘንቢሉ ሥር እያጣመሙ፣ "ይሄ ማታለል ነው።"

"የድልድዩ ሕግ ነው። ሕግ ያፈርሳሉ?"

"እርስዎስ?"

"ይቅደሙ፣ ከኋላዎ ነኝ" አልኩ።

ሄዱ። ቀስ ብለው ሄዱ፤ እኔም ኮታቸውን እያየሁ ተከተልኩ። ድልድዩ መሐል ላይ ቆም አሉ። ደንግጬ፣ "ምነው?" ብል፣ "ምንም፣ ስመኝ እዚህ ላይ ነበር ዞር ብላ የምትጠራኝ" አሉና ቀጠሉ። ማዶ ሲደርሱ አቶ ገመቹ ዘንቢሉን ከትከሻቸው ተቀበሏቸው። ሁለቱ ባርኔጦች ወለቁ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ማን አስቀድሞ እንደሚለቅ ስላልታወቀ ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ እድርተኛው ዙሪያችንን ከበበ። ስንቅ ስንቅ ይል የነበረው ሁሉ ዘንቢሉን ረስቶ አቶ ፈለቀን ያያል። "አሁን ይዙሩ" አልኳቸው።

ዞሩ።

ከማዶ ሆኖ ሲታይ ቀይ ገደል እንዲህ ነው። አንድ ረጅም ምሰሶ ትንሽ ወደ ጎን ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ደረቱ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጣብቆበታል፤ በእጅ የተያዘ ባርኔጣ ነው። ከፊቱ ዓለቱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በር ሆኗል። በበሩ አጠገብ ትንንሽ ምሰሶዎች ተሰልፈዋል፤ ከኋላ ሰው እንደሚያስቀድማቸው ሆነው ወደ ስንጥቁ ይገባሉ። ረጅሙ ብቻ ውጭ ቆሟል።

አቶ ፈለቀ ለረጅም ጊዜ አዩት። የእጃቸውን ባርኔጣ አዩ። የድንጋዩን ባርኔጣ አዩ።

"ይሄ... እኔ ነኝ?"

ስንት ዘመን አፍነን የያዝነው ሳቅ ወጣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ። ነገሩ ያልገባቸው የኢዲዶ ልጆች እንኳ ሳቁ። አቶ ገመቹ ድንጋዩን አይተው፣ አቶ ፈለቀን አይተው፣ ቀስ ብለው የራሳቸውን ባርኔጣ ከጀርባቸው ደበቁ።

አቶ ፈለቀ ግን ወደ እኔ መጡ። "ስመኝ ይህን ስታይ ምን አለች?"

"መጀመሪያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች" አልኳቸው። "ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ 'ሁሉን አሳልፎ ሲጨርስ ይመጣል። እስከዚያ ማንም እንዳይነግረው' አለች።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። "መጣሁ" አሉ። ለእኔ አልነበረም።

ቆጮውን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ጥቅል ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ለአቶ ገመቹ ሊያቀብሉ እጃቸውን ዘረጉ። ዓለቱን ቀና ብለው አዩ። እጃቸውን መለሱና ጎረሱ። ሁለተኛውን ነው ለአቶ ገመቹ የሰጧቸው። ዝናቡም እስክንመለስ ድረስ ጠበቀን።

ከዚያ ወዲህ ተለወጡ ብላችሁ አታስቡ። ስንመለስ አውቶቡሱን መጨረሻ የተሳፈሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲራክ ሞተር አስነሥቶ ነው ያስገባቸው። በማግሥቱም ዶሮዋ ማድ ቤቴ የገባችው ከፊታቸው ነው።

ለምን እንዲህ እንደደከምኩላቸው ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። ሰፈራችን ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ማስተማር ሲጀምር፣ ደብተሬን ነጠላዬ ሥር ደብቄ ሄድኩ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በዚህ ዕድሜዋ፣ ይላሉ አልኩ። ልመለስ ዞርኩ። ከኋላዬ አንድ ረጅም ሰው በሩን ይዞ ቆሟል።

"ይቅደሙ።"

"አይ፣ እኔ እንኳ ገቢ አይደለሁም" አልኳቸው።

"ይቅደሙ፣ ከኋላ ነኝ።"

ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። በሩን ይዘዋል። ሰው እንዲህ አክብሮ ሲያስቀድም እምቢ ማለት ነውር ነው፤ መመለሻም የለኝም፣ መንገዱን ሞልተውታል። ገባሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ዞር ስል አልተከተሉኝም። ኋላ ስጠይቅ እሳቸው በዚያ ትምህርት ቤት ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም፤ ድሮም ማንበብ ያውቃሉ። በነጋታውም መጡ። ከዚያም በነጋታው። "ሀ" ከ"ለ" ለይቼ በራሴ እግር መግባት እስክጀምር ድረስ ከኋላዬ ነበሩ። ለምን እንደመጡ ጠይቄያቸው አላውቅም። ይህንን ሁሉ የጻፍኩት በዚያ በር ገብቼ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ዲላ ስትመጡ፣ ወይም በየሰፈራችሁ፣ አንድ ባርኔጣ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ "ይቅደሙ፣ ከኋላ ነኝ" ቢላችሁ አትከራከሩ፤ አመስግናችሁ ግቡ። ግን ከገባችሁ በኋላ በሩን አትልቀቁት። ዞር በሉና እስኪገባ ድረስ ያዙለት።